ወደ ቈላ ለሚወርድ ቤተ ሰብ፤ የአውቶሞቢልን ማቀዝቀዣ አስቀድሞ ስለ ማሳደስ

ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ሩቅ አገር ሲሄድ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁና ስለ መጓጓዣው ነው። በበቅሎ ይኬድ በነበረበት ዘመን አባቶቻችን ከጉዞው ዋዜማ የበቅሎይቱን ጀርባ ይዳስሱ፣ ኮርቻውንና ልጓሙን ይፈትሹ፣ የጫማዋን ሚስማር ያዩ ነበር። ዛሬ በበቅሎይቱ ፈንታ አውቶሞቢል ቆሟል። ባለቤቱም የሞተሩን ዘይትና የጎማውን ነፋስ ማየት ለምዷል። ዳሩ ግን በክረምት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዋሽ፣ ወደ ገዋኔና ወደ ሰመራ የሚወርድ ቤተ ሰብ ከዘይቱና ከጎማው ጋር እኩል ሊያስብበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ይኸውም በተለምዶ ኤሲ የሚባለው የአየር ማቀዝቀዣ ነው። ይህ መሣሪያ የድሎት ዕቃ ብቻ መስሎ የሚታየው በደጋ ለተቀመጠ ሰው ነው። ቈላ ለወረደ ግን የጤና ነገር ነው፤ ለሕፃንና ለሽማግሌም የሕይወት ነገር ይሆናል።

ጉዳዩ የሚዘነጋበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ዝናብና ጭጋግ ናት። ሰው ጋቢውን ደርቦ ይውላል፤ በአውቶሞቢሉም ውስጥ ቢሆን የሚመኘው ሙቀትን እንጂ ቅዝቃዜን አይደለም። ማቀዝቀዣው ለብዙ ወራት ሳይነካ ከርሞ ይሆናል። ለሙከራ ያህል ቢከፈት እንኳ ከውጭ የሚገባው አየር ራሱ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ደኅናው ከተበላሸው አይለይም። ስለዚህ ጉድለቱ ተሸሽጎ ይቆይና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከተኬደ በኋላ፣ በአዋሽ ሜዳ ላይ ፀሐይ ባናት ስትቆም ይገለጣል። በዚያ ሰዓት ደግሞ ማዘን እንጂ ማደስ አይቻልም።

ክረምት የሚለውም ስም ሊያሳስተን አይገባም። ደጋው ዝናብ የሚጠግብበት ወራት ለአፋር ቈላ የሐሩር ወራት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን ሰመራ ግን ከ450 ሜትር አትበልጥም። ወደ ታች 1,000 ሜትር በተወረደ ቍጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ቍልቍለቱ ብቻውን 12 ዲግሪ ያህል ይጨምርብናል ማለት ነው። ከዚህም በቀር ቈላው ደመና የሚጋርደው፣ ሣር የሚያለብሰው ባለመሆኑ ምድሩ ፀሐይዋን ይጠጣና መልሶ ይተፋታል። በሐምሌ ቀትር አዲስ አበባ 20 ዲግሪ ገደማ ስትሆን በሰመራ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከዚያም በስተ ሰሜን ያለው የዳሎል ምድር በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1966 ድረስ በተለካበት ጊዜ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ሰው ከሚኖርባቸው ሥፍራዎች ሁሉ የበለጠ ሆኖ ተመዝግቧል። መንገደኛው በማለዳ ጋቢ ለብሶ ተነሥቶ በዚያው ቀን ሸሚዝ የሚከብድበት አገር ይደርሳል። ሰውነት እንዲህ ላለው ለውጥ በአንድ ቀን አይለማመድም።

መንገዱ ራሱ ይህን ለውጥ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2014 በተከፈተው የፍጥነት መንገድ ሲኬድ ቢሾፍቱ ከነሐይቆቿ በጎን ትታለፋለች፤ ሞጆም እንዲሁ። እስከዚህ ድረስ መስኮት ከፍቶ መሄድ ይበቃል። ከአዳማ በኋላ ግን የወለንጪቲ ግራር ይጀምራል፤ ነፋሱም ደረቅ ይሆናል። መተሐራ ሲደርሱ የፈንታሌ ተራራ ቀድሞ የተፋው ጥቍር ዐለት በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ተሰባበረ የብረት ምጣድ ተዘርግቶ ይታያል። እሳቱ ከበረደ ዘመን ቢያልፈውም ዐለቱ የቀትርን ሙቀት ይዞ ያቆያል። በአጠገቡ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የሚሄድ ጨዋማ ውሃ ነው። መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ እስከ መጋፋት ስለ ደረሰ ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኗል። የዚህ አገር ምድር ዛሬም አላረፈም፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል።

ከመተሐራ አልፎ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ ዕድል ያለው መንገደኛ የሳላ መንጋ በሜዳው ላይ ያያል። ቀጥሎ የአዋሽ ከተማ ናት። ይህች ከተማ የባቡር ልጅ ናት ቢባል ሐሰት አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በዚህ ገደል አፍ ላይ ተሻግሮ ነው። በዚህ ከተማ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጭሮ፣ ወደ ድሬ ዳዋና ወደ ሐረር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ሰሜን ታጥፎ ወደ ገዋኔ ይወርዳል። ወደ ሐረር የሚሄደው የጭሮን ደጋ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሳል። ወደ ገዋኔ የሚወርደው ግን ከዚህ በኋላ ደጋ አያገኝም።

የገዋኔ ሜዳ ሰፊ ነው፤ የአየሉ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ያለው የያንጉዲ ራሳ ምድር የአፍሪካ የዱር አህያ መኖሪያ ሆኖ የተከለለ ነው። ከሚሌ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለው በሐዳር ሸለቆ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ ተገኝታለች። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚሄድ ሰው ወደ ሰው ልጅ ጥንታዊ አገር ይወርዳል ማለት ነው። ከሚሌ በኋላ ሎጊያ፣ ከሎጊያ አጠገብ የክልሉ መዲና ሰመራ ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ድረስ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚህም ርዝመት ከግማሽ የሚበልጠው ከአዋሽ በታች ባለው ሐሩር ውስጥ የሚኬድ ነው።

እንግዲህ ወደ መሣሪያው እንመለስ። ማቀዝቀዣው እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ከቤታችን ርቀን መሄድ አያስፈልግም። የሸክላ ገንቦ በጥላ ሥር ሲቀመጥ ያልባል፤ ላቡም ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀትን ከገንቦው ነጥቆ ይሄዳል፤ ስለዚህ ውሃው ይቀዘቅዛል። የአውቶሞቢሉም ማቀዝቀዣ ምሥጢር ይኸው ነው። በቧንቧ ውስጥ የተዘጋ ጋዝ አለ። በሞተሩ ቺንጋ የሚዞረው ኮምፕሬሰር ጋዙን ሲጨምቀው በጣም ይሞቃል። ከዚያም ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ወዳለው ኮንደንሰር ሄዶ የመንገዱ ነፋስ ሙቀቱን ይወስድለትና ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ በኩል አልፎ ከመሪው ወዲያ ወደ ተቀበረው ቧንቧ ሲገባ መልሶ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንደ ገንቦውም ላብ በዙሪያው ያለውን ሙቀት ይነጥቃል። በዚያ ላይ የሚያልፈው አየር ቀዝቅዞ ወደ እኛ ይነፍሳል። መኪናው ሲቆም ከሥሩ የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃም ከአየሩ የተለየ እርጥበት እንጂ ብልሽት አይደለም።

ይህ ጥበብ ለሰው ድሎት ተብሎ የተጀመረ አልነበረም። አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር በአውሮጳ አቈጣጠር በ1902 መሣሪያውን ያሰናዳው በብሩክሊን ለነበረ ማተሚያ ቤት ነው፤ በእርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እየሰፋና እየጠበበ ቀለሙ ቦታውን ይስት ነበርና። ወደ አውቶሞቢል የገባው ግን ዘግይቶ ነው። ፓካርድ የተባለው ፋብሪካ በ1939 ማቀዝቀዣ ያለውን መኪና ለሽያጭ አቀረበ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል በቈላው አቋርጦ አዲስ አበባ ሲገባ ነጂው ከሐሩሩ የሚያመልጥበት ዘዴ አልነበረውም።

አሁን ጉዞ ያሰበ ሰው ምን ያድርግ? ከመነሻው ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ወደ ጋራዥ ይሂድ። ከሁሉ አስቀድሞ አየሩን የሚያጣራው ፊልትሮ ይታይ። በብዙ መኪና ከተሳፋሪው ፊት ካለው ሣጥን በስተ ኋላ ይገኛል። አቧራ ከደፈነው ማቀዝቀዣው ደኅና ሳለ እንኳ ነፋሱ ይደክማል፤ መለወጡም ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ ኮንደንሰሩ በጭቃና በተባይ ተሸፍኖ እንደ ሆነ ኀይል በሌለው ውሃ ይታጠብ፤ ቀጭን ቅጠሎቹ በኀይለኛ ውሃ ግፊት ይታጠፋሉና። ሦስተኛ፣ ቺንጋው እንዳልሰነጠቀና እንዳልላላ ይታይ። አራተኛ፣ ማቀዝቀዣው ሲከፈት በኮንደንሰሩ ላይ የሚነፍሰው ቬንትሌተር መዞሩ ይረጋገጥ፤ መኪናው በቆመ ጊዜ ሌላ ነፋስ የለውምና።

አምስተኛው የጋዙ ነገር ነው። ጤናማ መሣሪያ ጋዙን ለብዙ ዓመት ይዞ ይኖራል። ጋዝ ጐደለ ማለት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ሳይፈለግ ጋዝ መጨመር ገንዘብን ወደ ነፋስ መበተን ነው። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ በቧንቧው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት በፓምፕ ይመጠጣል፤ ቀጥሎም በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈው ያህል ጋዝ በሚዛን ይጨመራል። ሲበዛም ሲያንስም ማቀዝቀዙ ይደክማል፤ ሲበዛ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ይጐዳል። በአዲስ አበባ ለሚሠራ ባለ ሙያ አንድ ልዩ ማስታወሻ አለ። የከተማይቱ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቧንቧው ጨርሶ ቢመጠጥ እንኳ መለኪያው በመጽሐፉ የተጻፈውን 29 ኢንች አያሳይም፤ 22 ወይም 23 ላይ ይቆማል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል።

የጋዙም ዓይነት ይጠበቅ። የቀድሞው አር 12 የተባለው ጋዝ በሰማይ ላይ ያለውን የኦዞን መጋረጃ ስለሚያበላሽ መንግሥታት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1987 በሞንትሪያል ተስማምተው እንዲቀር አደረጉ። የተተካው አር 134ኤ መጋረጃውን ባይነካም ወደ አየር ሲለቀቅ ምድርን የሚያሞቅ ኀይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጅ በላይ ነው። ስለዚህ በመሣሪያ ተመጥጦ ይያዝ እንጂ እንዲሁ አይለቀቅ። ለአንዱ ጋዝ በተሠራ ቧንቧ ሌላውን መቀላቀል አይገባም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለማብሰያ የሚሆነውን ጋዝ በርካሽ መሙላት ነው፤ በእሳት የሚያያዝ ነገር ሕፃናት በተቀመጡበት ክፍል አጠገብ ማኖር ነውና። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ያለው ሰው ደግሞ የርሱ ኮምፕሬሰር በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚዞርና የተለየ ዘይት የሚፈልግ መሆኑን ዐውቆ ሥራውን ለተማረ ባለ ሙያ ብቻ ይስጥ። ማቀዝቀዣውም ከባትሪው ስለሚበላ ርቀቱን በዚያ መጠን ያስላ።

ስለዚህ ነገር አንድ የማውቃቸው የመንግሥት ሹም የደረሰባቸውን ማንሣት ይጠቅማል። ለሥራ ወደ ሰመራ ተዛውረው ባለቤታቸውን፣ የስምንት ወር ሕፃናቸውንና ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ እናታቸውን ይዘው ቅዳሜ ሊነሡ ሐሙስ ወደ ጋራዥ መጡ። ማቀዝቀዣው በጥቂቱ ይነፍሳል እንጂ አያቀዘቅዝም።

«ወንድሜ፣ ጊዜ የለኝምና ጋዙን ብቻ ሙላልኝ» አሉት መካኒኩን።

መካኒኩ በዘይቱ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ጨምሮ ሞተሩን ካሠራ በኋላ በልዩ መብራት ሲመለከት ከአንዱ የቧንቧ መጋጠሚያ አረንጓዴ ነገር ሲያበራ አየ። የደረቀ የጎማ ቀለበት ነበር።

«ጌታዬ» አላቸው፣ «ብሞላልዎ ቅዳሜ አዋሽ ሲደርሱ ጐድሎ፣ ሰመራ ሲደርሱ ባዶ ይሆናል። የሚያፈስ ገንቦ ቢሞሉት ምን ይረባል? ትክክለኛውን ቀለበት ለማግኘትና ሥራውን ለመፈተን እስከ ሰኞ ይታገሡኝ።»

ሹሙ ሰኞ በሥራቸው ላይ መገኘት ነበረባቸውና ተቈጡ። ማታ በቤታቸው ነገሩን ሲያወጉ ግን እናታቸው፣ «ልጄ፣ ሹመቱ የትም አይሸሽህም፤ ይህ ሕፃን ግን ሙቀቱን አይችለውም፤ እኔም አልችለውም» አሏቸው። በማግሥቱ ወደ መሥሪያ ቤታቸው ስልክ ደውለው ሦስት ቀን ለመኑ፤ ተፈቀደላቸውም። ማክሰኞ በሌሊት ተነሡ። ከገዋኔ በታች አንድ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ስለ ነበር በቀትር ሁለት ሰዓት ያህል ቆሙ። ዛፍ የሌለበት ሥፍራ ነበር። ሹሙ የሞተሩን የሙቀት መለኪያ ዐይናቸውን ሳያነሡ እየተመለከቱ ማቀዝቀዣውን እንደ ከፈቱ ቈዩ፤ ሕፃኑም ተኝቶ አለፈ። በኋላ ስለዚያ ቀን ሲናገሩ «ያች የጎማ ቀለበት ከጣት ቀለበት ትከብራለች» ይላሉ።

መሣሪያው ከታደሰ በኋላም ቢሆን መታመን ያለበት በማስተዋል ነው። ከመነሻው በፊት በፀሐያማ ቀን ሞተሩ እየሠራ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ የውስጡ አየር እንዲዞር ተደርጎ ቴርሞሜትር በነፋሱ መውጫ ላይ ይደረግ። በአዲስ አበባ አየር ከ10 ዲግሪ በታች ካልወረደ ለሐሩሩ አይበቃም። የሚቻል ከሆነ እስከ አዳማ ደርሶ መመለስ ከሁሉ የተሻለ ፈተና ነው። ጎማዎቹም ከነስኮርታው፣ የራዲያተሩም ውሃ በዚያው ይታዩ። በመንገድ ላይ የሞተሩ ሙቀት ከፍ ማለት ከጀመረ ማቀዝቀዣውን መዝጋትና ማሞቂያውን መክፈት ይገባል፤ ለተሳፋሪው ቢከብድም ሙቀቱን ከሞተሩ ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ሲነሣ አስቀድሞ መስኮቶቹን ከፍቶ የጋለውን አየር ማስወጣት፣ ከዚያ በኋላ መዝጋት ነው።

ከመሣሪያው በላይ የሚረዳው ግን ሰዓትን መምረጥ ነው። ዊልፍሬድ ቴሲጀር በአውሮጳ አቈጣጠር በ1933 እና በ1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚቀር ሲያረጋግጥ የተጓዘው በግመል ነው፤ የተነሣውም ሙቀቱ በሚቀልበት ወራት ነበር። የአፋር ሕዝብም በዚህ ምድር ለዘመናት የኖረው ከፀሐይዋ ጋር በመጋፋት አይደለም። ከሰሌን የተሠራው ቤቱ ነፋስ ያሳልፋል፤ በቀትር ጥላ ይይዛል፤ መንገደኛ ሲገናኝም ሳይቸኩል ቆሞ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ውሃ የት እንዳለ፣ መንገዱ እንዴት እንደ ሆነ ይነጋገራል። የኛም ነጂ በየማደያውና በየሻይ ቤቱ መንገዱን ቢጠይቅ ከዚህ ልማድ ይማራል። ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሣ ሰው የአዋሽን ሜዳ ፀሐይ ሳትበረታ ያልፋል። በሌሊት መሄድ ግን አይመከርም፤ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ብዙ ነው፤ ግመልና ከብትም በመንገዱ ላይ ይተኛል።

በመጨረሻ ለእናቶችና ለአባቶች የሚነገር አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ሕፃንን በቆመ አውቶሞቢል ውስጥ ብቻውን መተው ለአንድ አፍታም ቢሆን አይገባም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ መስኮቱን በጥቂቱ መክፈትም ብዙ አይረዳም። የሕፃን ሰውነት ከዐዋቂ ሰውነት ከሦስት እስከ አምስት እጅ ፈጥኖ ይግላል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ራሱን ቢያመው፣ ቢያዞረው፣ ቢያቅለሸልሸው ወደ ጥላ ወስዶ ልብሱን ማላላትና በጥቂት በጥቂቱ ውሃ ማጠጣት ነው። ንግግሩ ቢዘባረቅ ወይም ራሱን ቢስት ግን የሐሩር ምች ነውና ሰውነቱን በውሃ እያራሱ፣ በነጠላ እያራገቡ ወደ ቅርቡ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አይሰጥም። ስለዚህም በመኪናው ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ የሚጠጣ ውሃ ይኑር።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ቃል ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም። በዝናብ ቀን ስለ ሐሩር ማሰብ ከባድ ነው፤ የቤተ ሰብ አለቃ መሆን ግን ይህን ማሰብ ነው። ጋቢ ለብሶ በጋራዥ ደጃፍ ሁለት ቀን የጠበቀ አባት ከገዋኔ በታች ልጁ በሰላም ተኝቶ ሲያይ የጠበቀበትን ዋጋ ያገኛል። አምላክ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።